«እሺ» ታወር ላይ አይሠራም፦ ከጅማ ለሚነሳ ተማሪ አብራሪ የሬዲዮ ችግርና መፍትሄ

ሰሞኑን ጅማ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ አብራሪነት ይማራል፤ ለእረፍት መጥቷል። ቡናው እስኪፈላ እሱ ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የሾርባ ማንኪያ እንደ ማይክ ጨብጦ፣ ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ይነሳል። ታወሩ፣ ማለትም በሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው የበረራ ተቆጣጣሪ፣ እኔ ነኝ። ለበርጩማዋ ኢቲ-ኤቢጄ የሚል መለያ አውጥቶላታል። ኤቢጄ ያለው አባ ጅፋርን አስቦ ነው።

የሚሰናከልባቸው ቦታዎች እኔም በተማሪነቴ የተሰናከልኩባቸው ናቸው። በየተራ እንያቸው።

ትጠራላችሁ፤ መልስ የለም

ታወሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠርጥሩ። እኔ አንድ ጧት ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ዝም። አራተኛውን ልል ስል አስተማሪዬ ምንም ሳይናገር ጣቱን ሬዲዮው ላይ ያለች ባለሁለት ቀስት ቁልፍ ላይ አሳረፈ። የታወሩን ፍሪኩዌንሲ በትክክል አስገብቼዋለሁ። ግን ሬዲዮው ሁለት መስኮት አለው፣ የሥራና የተጠባባቂ፤ ቁጥሩ ያለው በተጠባባቂው ነው። ቁልፏን ተጭኜ ወደ ሥራ አላዞርኩትም። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የምጮኸው።

እና መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው፦ የምትፈልጉት ቁጥር በሥራ ላይ ባለው መስኮት አለ ወይ? ቀጥሎ ድምፁ ተከፍቷል ወይ? ከዚያ የድምፅ መምረጫው ሰሌዳ ላይ ማይኩ በምትናገሩበት ሬዲዮ ላይ ነው ወይ? ሁለት ሬዲዮ ያለው አውሮፕላን ላይ አንዱን እየሰሙ በሌላው መናገር በጣም ቀላል ስህተት ነው። መጨረሻ ላይ የሄድሴቱን ሶኬቶች ግፉ። በብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሁለት ናቸው፤ ወፍራሙ የጆሮ፣ ቀጭኑ የማይክ። ወፍራሙ ብቻ ጠብቆ ከተሰካ ሁሉን ትሰማላችሁ፣ እናንተን ግን ማንም አይሰማም።

ሁሉም ደህና ከመሰላችሁ «ሬዲዮ ቼክ» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመጣል። 5 ማለት ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ነው።

ታወሩ «ሴይ አጌን» (ድገመው) ማለቱን አላቆመም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ማይኩ ያለበት ቦታ ነው። ከንፈርን ሊነካ ምንም ያልቀረው መሆን አለበት። አገጭ ሥር ከወረደ የሚሰማው ሞተሩ ነው። ሁለተኛው፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ሳይጫኑ መናገር መጀመር ነው። የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ደግሞ የምትጠሩት ጣቢያ ስም ነው። ተጫኑ፣ ትንፋሽ ያህል ጠብቁ፣ ተናገሩ።

የቁጥሩ ነገር ግን ለእኛ ደስ ይላል። የአቪዬሽን ሕግ ሦስትን «ትሪ» በሉ ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ድሮም የሚለው ትሪ ነው! አምስት «ፋይፍ» ነው፣ ዘጠኝ «ናይነር»። ፋይቭና ናይን በጫጫታ ውስጥ ስለሚምታቱ ነው እንዲህ የተደረገው። ማኮብኮቢያ 13 ሲባልም አሥራ ሦስት ብሎ ነገር የለም፤ «ዋን ትሪ» ነው።

የቁልፉን ነገር ካነሳን አይቀር፦ ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ፍሪኩዌንሲውን በሙሉ ይዘጋል። ምልክቱ ድንገተኛ ዝምታ ነው። ሬዲዮው ላይ የማሰራጫ ምልክቱ ሳትናገሩ በርቶ ካያችሁ ጥፋቱ እናንተ ጋ ነው። ቁልፉን ነካ ነካ አድርጉት፤ ካልለቀቀና ቁልፉ በማይኩ ሽቦ ላይ ያለ ከሆነ የማይኩን ሶኬት ንቀሉ።

አፍ ይያዛል

ቁልፉን ተጫነ፣ ከዚያ «እ... እ...»። የአክስቴ ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊያሰምር ስለሚሞክር ነው። አራት ነገር ብቻ ነው የሚፈለገው፦ ማንን፣ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ምን ፈለግኩ። «ጅማ ታወር፣ ኢኮ ታንጎ አልፋ ብራቮ ጁልየት፣ ስቱደንት ፓይለት፣ ኤፕሮን፣ ሪኩዌስት ታክሲ።» አለቀ። ኢኮ ታንጎ አልፋ ብራቮ ጁልየት ማለት ኢቲ-ኤቢጄ በሬዲዮ ፊደል ሲነበብ ነው፤ ኤፕሮን የአውሮፕላን ማቆሚያው፣ ታክሲ መሬት ላይ መንዳት ነው። «ስቱደንት» ማለት አያሳፍርም። ተቆጣጣሪው ረጋ ብሎ ያናግራችኋል።

መለያውን በራሳችሁ ሥልጣን አታሳጥሩ። ታወሩ «ኢኮ ብራቮ ጁልየት» ብሎ ካሳጠረው በኋላ ብቻ ነው እናንተም የምታሳጥሩት።

ሁሉንም «እሺ» ብላችሁ ተቀበላችሁ፤ ምን እንደተባለ ግን አታውቁም

ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። የኛ እሺ ስንት ነገር ታዝላለች! ሰምቻለሁ፣ አደርገዋለሁ፣ ልክ ነህ፣ አልገባኝም ግን እንዳላስቸግርህ፤ ሁሉም እሺ ነው። ታላቅ ሰው ሲናገር ይድገሙልኝ ማለት ይከብደናል። ይሉኝታ አብራሪው ወንበር ላይ አብሮ ይቀመጣል።

ሬዲዮው እሺን ለያይቷታል። «ሮጀር» መልእክትህ ደርሶኛል ብቻ ነው። «ዊልኮ» ገብቶኛል፣ እፈጽማለሁ። «አፈርም» አዎ። ለ«አልገባኝም» ደግሞ «ሴይ አጌን» አለ። ባንድ በረራ አምስቴ ብትሉትም ማንም አይቀየማችሁም። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ሮጀር የማይበቃባቸው ቦታዎችም አሉ። የማኮብኮቢያ ቁጥር፣ «ቁም» የሚል ትእዛዝ፣ ወደ ማኮብኮቢያ መግባት ወይም ማቋረጥ፣ የአየር ግፊቱ ቁጥር፣ ከፍታ፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድ፤ እነዚህ እንደተነገሩ ተደግመው ይመለሳሉ። አክስቴ ቤት «ሆልድ ሾርት ራንዌይ ዋን ትሪ» አልኩት፤ ከማኮብኮቢያ 13 በፊት ቁም ማለት ነው። «ሮጀር» አለኝ። ደግሜ አልኩት። አሁንም «ሮጀር»። ማንኪያውን ቀማሁት።

የግፊቱን ቁጥር ስትደግሙ እጃችሁም ይሥራ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 5,500 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ቁጥሩን ከፍታ መለኪያው ላይ በትክክል ከሞላችሁ መሬት ላይ እንደቆማችሁ መለኪያው እዚያው አካባቢ ያሳያል። ራቅ ያለ ነገር ካሳየ የሰማችሁት ቁጥር ስህተት ነው፤ ጠይቁ።

«ቴክኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል ያመልጣችኋል

መቆሚያው ላይ ደርሳችሁ ዝግጁ ስትሆኑ «ሬዲ ፎር ዲፓርቸር» ነው የሚባለው። ቴክኦፍ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚያነሳው ታወሩ ነው፤ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የሰጠውን ሲሰርዝ። እናንተ ፈቃዱን ስትደግሙ ትሉታላችሁ። «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ከተባላችሁ ግቡ፣ ተሰለፉ፣ ቁሙ። መነሳት አልተፈቀደም።

ጥብቅነቱ በደም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። አንዱ አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ ቴክኦፍ ላይ ነን አለ። ታወሩ «ኦኬ» ካለ በኋላ ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ ብሎ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ሌላኛው አውሮፕላን ስለተናገረ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ፉጨት ሆኑ። ለሚንደረደረው የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ እሺ በሉት።

ሰዓቱ አይገጥምም

ሬዲዮና የበረራ እቅድ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እነሳለሁ ብላችሁ 0300 ከጻፋችሁ ሦስት ሰዓት ተሳስታችኋል። ቀን ላይ በኛ አቆጣጠር ላይ 3 ደምሩ፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት 0600 ነው።

ከተነሳችሁ በኋላ ሬዲዮው ሞተ

መሬት ላይ ሳላችሁ ከሞተ አትነሱ፤ ቀላል ነው። አየር ላይ ከሆነ ከሁሉ በፊት አውሮፕላኑን አብርሩ። ከዚያ መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ፍተሻ ድገሙ። ካልሆነ ትራንስፖንደሩ ላይ 7600፣ ማለትም ሬዲዮዬ ሞቷል የሚለውን ኮድ፣ አስገቡና ዓይናችሁን ወደ ታወሩ የመብራት ምልክት። አየር ላይ ላለ ቋሚ አረንጓዴ ማረፍ ተፈቅዷል ነው። ቋሚ ቀይ ለሌላ አውሮፕላን ቅድሚያ ሰጥታችሁ ዙሩ። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፉ።

ማየታችሁን ታወሩ የሚያውቀው፣ ቀን ከሆነ፣ ክንፋችሁን ግራና ቀኝ ስታወዛውዙ ነው። በርጩማዋ ክንፍ ስለሌላት የአክስቴ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። ጀበናውን ይዛ የገባችው እናቱ እስክስታ መስሏት አጨበጨበችለት።