የድምፅ ሲዲን በሊኑክስ ተርሚናል ሲያጫውቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲዲ ማንበቢያ ባለው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ሲዲን ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ማጫወት የአንዲት መስመር ትእዛዝ ሥራ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ዲስኩን እንደ ፍላሽ የፋይል መያዣ አድርጎ ስለሚያየው ገና ከመነሻው መንገዱን ይስታል። (ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞች በአነባበባቸው ሰፍረዋል፤ ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።)

ከሁሉ የሚብሰውና በብዛት የሚታየው ስህተት ዲስኩን ማውንት ለማድረግ፣ ማለትም ፋይሎቹ እንዲከፈቱ ከሲስተሙ ጋር ለማያያዝ፣ መሞከር ነው። ኮምፒዩተሩ የፋይል ሥርዓቱን እንዳላወቀው የሚገልጽ መልእክት ሲመልስ፣ ተጠቃሚው ሲዲው የተበላሸ ይመስለውና ወደ ጎን ይተወዋል፤ የሚጥለውም አለ። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ በየቤቱ ከተቀመጡት የዘፈንና የመዝሙር ሲዲዎች መካከል ኢንተርኔት ላይ ፈልገን የማናገኛቸው አሉና። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980 በደነገጉት ደረጃ መሠረት የድምፅ ሲዲ ፋይልም ፎልደርም የለውም። በላዩ ያለው በሰከንድ 75 ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) እየተነበበ የሚፈስ ድምፅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴክተር 2,352 ባይት ይይዛል፤ ትራኮቹ ከየት እንደሚጀምሩ የሚያመለክተው ማውጫም ከዲስኩ መሐል አቅራቢያ ተጽፏል። እንግዲህ ማውንት የሚደረግ ነገር ስለሌለ፣ ዲስኩን በቀጥታ ማንበብ የሚችል ፕሮግራም መጥራት ያስፈልጋል። ኤምፕሌየር በተባለው ማጫወቻ ፕሮግራም «ኤምፕሌየር ሲዲዲኤ://» ብለው ቢጽፉ ሲዲው ከመጀመሪያው ትራክ ጀምሮ ይጫወታል፤ መጨረሻው ላይ 3 ቢጨምሩበት ሦስተኛው ትራክ ብቻ ይሰማል። ቪኤልሲ በተባለው ሌላ ማጫወቻ ለሚሠራ ሰው ደግሞ «ሲቪኤልሲ ሲዲዲኤ:///ዴቭ/ኤስአር0» ይበቃዋል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጡ ከነበሩት ዲስኮች መካከል ብዙ አልበም በአንድ ላይ የታጨቀባቸው የኤምፒስሪ ዲስኮች ነበሩ፤ እነዚህ የዳታ ዲስኮች ስለሆኑ ማውንት መደረግ አለባቸው፣ ከላይ ያሉት ትእዛዞችም አይሠሩባቸውም። ዲስኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያልተረጋገጠ እንደሆነ «ሲዲፓራኖያ» የሚለውን የሲዲ መገልበጫ ትእዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ኪው ጋር መጻፍ ነው፤ የድምፅ ሲዲ ከሆነ የትራኮቹን ዝርዝር ከነርዝመታቸው ያወጣል።

ሦስተኛው ስህተት ሰውን ለብዙ ሰዓት የሚያደክም ነው፦ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን የለም። ተጠቃሚው የድምፅ መጠኑን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ስፒከሩን ይነቅላል፣ ይሰካል። ችግሩ ያለው ግን ፕሮግራሙ ላይ ነው። እንደ «ሲዲፕሌይ» እና «ወርክቦን» ያሉት የቀድሞ ፕሮግራሞች ድምፁን ራሳቸው አያነቡም፤ ለድራይቩ (ለሲዲ ማንበቢያው) «አጫውት» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይሰጡታል። ድራይቩም ድምፁን በራሱ ወደ አናሎግ ይለውጥና ከጀርባው በሚወጣ ቀጭን ገመድ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይልከው ነበር። ዛሬ በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ይህ ገመድ ስለሌለው ድምፁ መውጫ የለውም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲያጋጥም ቅንብር መነካካቱን ትቶ፣ ድምፁን በዲጂታል መልኩ አንብቦ ለሲስተሙ ወደሚያስተላልፍ ፕሮግራም መቀየር ይገባል፤ ኤምፕሌየርና ቪኤልሲ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ሲመጣ ሁሉንም ነገር በሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚሰጠው ትእዛዝ) ማስኬድም ልማድ ሆኗል። ቪኤልሲ እንዲያውም በሩት (በአስተዳዳሪው) ስም አልነሣም ይላል። ተገቢው መፍትሔ የተጠቃሚውን ስም ድራይቩን እንዲጠቀም የተፈቀደለት ቡድን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ቡድኑ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት «ሲዲሮም»፣ አርች በተባለው ደግሞ «ኦፕቲካል» ይባላል። ከዚያ ከሲስተሙ ወጥቶ (ሎግ አውት አድርጎ) እንደገና መግባት ግድ ነው፤ አለዚያ ለውጡ አይሠራም።

የዘፈኖቹ ስም አልታየኝም ብሎ ፕሮግራሙን መውቀስም ተገቢ አይደለም። ሲዲ ቴክስት የሚባለው ተጨማሪ መረጃ ካልተጻፈበት በቀር ሲዲው ላይ ስም የለም፤ ፕሮግራሞች ስሙን የሚያመጡት የትራኮቹን ርዝመት ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር አስተያይተው ነው። ፍሪዲቢ የተባለው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለተዘጋ፣ አሁንም እርሱን የሚጠይቅ አሮጌ ፕሮግራም ባዶ እጁን ይመለሳል።

የተቧጨረ ዲስክ ሲቆራረጥ ደጋግሞ ከማጫወት ይልቅ መጀመሪያ ማጽዳት ይቀድማል፤ ሲጸዳም ዙሪያውን ሳይሆን ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጽሑፍ ያለበት ወገን ጉዳት የለውም ብሎ መዘንጋትም ስህተት ነው፤ አንጸባራቂው ሽፋን ያለው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል የደረሰ ጭረት የባሰ ነው። ቀጥሎ «ኢጀክት» ከሰረዝ ኤክስ እና ከቁጥር 4 ጋር ሲጻፍ ድራይቩን ያዘገየዋል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል፤ ይሁንና ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ትእዛዙን መድገም ያስፈልጋል። ይህም ካልረዳ ትራኩን በሲዲፓራኖያ ወደ ፋይል ገልብጦ ፋይሉን ማጫወት ይሻላል፤ ፕሮግራሙ የሚያጠራጥረውን ቦታ ደጋግሞ ያነባልና። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ የትራክ ቁጥር ብቻ ከተሰጠው ሁልጊዜ በአንድ የፋይል ስም ስለሚጽፍ፣ ሁለተኛው ትራክ ሲገለበጥ የመጀመሪያው ይጠፋል። ሰረዝና ትልቁ ቢ ሲጨመሩበት ለእያንዳንዱ ትራክ የየራሱን ፋይል ይከፍታል።