ፊልተር ሲገጠም የሚጠፋው ሰማይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መስታወቱ ንጹህ እንደሆነ፣ ቴሌስኮፑ በትክክል እንደተስተካከለ፣ ዓይናችሁም ቢያንስ 20 ደቂቃ ጨለማ እንደለመደ ቆጥሬ ልጀምር።

ጋላክሲው ፊልተር ሲገጠም ጠፋ

ስለ ፊልተር፣ ማለትም በቴሌስኮፕ ሌንስ ላይ ስለሚታሰረው ብርሃን መራጭ መስታወት፣ የሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ይህንን ነው። የከተማ ብርሃን ያስወግዳል የተባለ ፊልተር በዘመድ ሻንጣ ከውጭ ይመጣል። ቴሌስኮፑ ወደ አንድሮሜዳ ይዞራል። በፊት እንደ ጭጋግ ብዥ ብላ ትታይ የነበረችው ጋላክሲ ጭራሽ ትሰወራለች።

ፊልተሩ አልተበላሸም። ፊልተር ብርሃን አይጨምርም፤ ሥራው መቀነስ ብቻ ስለሆነ መጠየቅ ያለበት ከምን ላይ እንደሚቀንስ ነው። እንደ ኦሪዮን ያለ ኔቡላ የጋለ ጋዝ ነው። ብርሃኑንም በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ይልካል፦ ኦክስጅኑ በ495.9 እና በ500.7 ናኖሜትር (የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ቀለሙ ነው)፣ ሃይድሮጅኑ ደግሞ በተለይ በ486.1 እና በ656.3። ዩ ኤች ሲ የሚባለው ፊልተር የኦክስጅኑንና የሃይድሮጅኑን ሰማያዊ አረንጓዴ መስመሮች አሳልፎ የቀረውን አብዛኛውን ስለሚዘጋ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ኔቡላው ጎልቶ ይቀራል። ጋላክሲ ግን የቢሊዮን ከዋክብት ድምር ነው። የኮከብ ብርሃን ከሐምራዊ እስከ ቀይ ስለሚዘረጋ ፊልተሩ ሰማዩን ሲቆርጥ ጋላክሲውንም አብሮ ይቆርጠዋል። የከዋክብት ክምችትም ዕጣው ያው ነው።

«ድሮ ይሠራ ነበር» የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። የመንገድ መብራት ቢጫ ሶዲየም በነበረበት ጊዜ ብርሃኑ በ589 ናኖሜትር ዙሪያ ስለሚያመዝን በፊልተር ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። አሁን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተደረደሩት ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራቶች እንደ ኮከብ በሁሉም ቀለም ያበራሉ። ይህንን እያወቁ ያንኑ አሮጌ ፊልተር ዛሬም «ለከተማ» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

አንድ ወጣት የወራት ቁጠባውን እንዲህ ባለ ፊልተር ላይ አፍስሶ በኅዳር ምሽት ወደ ኮንዶሚኒየም ሰገነቱ ወሰደኝ። ፊልተሩን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ሰፊውን የዓይን ሌንስ አስገባሁ፤ የጎረቤቱ አምፖል ፊቱ ላይ እንዳያበራ ጋቢዬን ከራሱ እስከ ሌንሱ አለበስኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ከጋቢው ሥር ቆይቶ የአንድሮሜዳን እምብርትና ግራ ቀኝ የተዘረጋውን ጭጋግ አየ። ቀና ብሎ «ይህኛው የየት አገር ፊልተር ነው?» አለኝ። ባዶ ሌንስ ነበር።

ስለዚህ ለጋላክሲ ፊልተር አትግዙ። ገንዘቡን ለነዳጅ አውሉትና ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት እንደ ላንጋኖ ወዳለ ሥፍራ ውጡ። መውጣት ካልተቻለ ጋቢ አለ።

ኔቡላውም ጠፋ

ይህ በአብዛኛው ከመጠን ያለፈ ማጉላት ነው። አንድ መምህር 70 ሚሊሜትር ስፋትና 700 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የ4 ሚሊሜትር ሌንስ አስገብተው፣ ከላዩ የኦክስጅኑን መስመሮች ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ፊልተር ጨምረው ኦሪዮንን ይፈልጉ ነበር። 175 ጊዜ ማጉላት ማለት ነው፤ የቀረችውን ጥቂት ብርሃን አሰጥቶ ይጨርሳታል። በ25 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በ28 ጊዜ ማጉላት፣ በዩ ኤች ሲ የኔቡላው ክንፎች ወጡ።

ፊልተሩን ከማሰራችሁ በፊት በዓይናችሁና በሌንሱ መካከል በጣታችሁ ይዛችሁ አስገቡት፣ አውጡት። ከዋክብቱ ሲደበዝዙ ኔቡላው በቦታው ከጸና ፊልተሩ ይሠራል። ይህንን በጥርና በየካቲት ሞክሩት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ኦሪዮንም ከእኛ አገር ሲታይ አናት ላይ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል።

ባለቀለም ተራ መስታወት ዩ ኤች ሲ ተብሎ ሲሸጥም አይቻለሁ። ቢጫ የሶዲየም መብራት ካገኛችሁ በፊልተሩ እዩት፤ እውነተኛው በእጅጉ ያደበዝዘዋል። አምፖሉ እንዳለ ካበራ ገንዘባችሁን አስመልሱ።

ከሣጥኑ «ለፀሐይ» የሚል ትንሽ ጥቁር መስታወት ወጣ

አትግጠሙት። ስበሩት። በዓይን ሌንስ ላይ የሚታሰር የፀሐይ ፊልተር ቴሌስኮፑ የሰበሰበውን ሙቀት ሁሉ ተሸክሞ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ዓይናችሁ እዚያው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው የቀለበት ግርዶሽ ሰሞን ከሦስት ሰዎች ቴሌስኮፕ ላይ ነቅያለሁ፤ አንዱ የተገዛው ለልጅ ነበር! ትክክለኛው የፀሐይ ፊልተር የቴሌስኮፑን የፊት አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነው። ነፋስ እንዳይነቅለው በፕላስተር እሰሩት፣ አነጣጣሪውን ትንሽ ቴሌስኮፕ ክደኑት፣ ሕፃን ብቻውን አትተዉ። የጨረቃ ፊልተር ለፀሐይ አይሆንም። ዩ ኤች ሲም አይሆንም። የራጅ ፊልምም አይሆንም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ ከአገራችን በከፊል ስለሚታይ ያንን ጥቁር መስታወት ከአሁኑ አስወግዱት።

ማርስ በቀይ ፊልተር ጨለመች

የቀለም ፊልተሮች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥር 25 ቀይ ለትንሽ ቴሌስኮፕ ይከብዳል፤ ቁጥር 21 ብርቱካናማውን ሞክሩ። ለጁፒተር ቀበቶዎች 80ኤ ሰማያዊ ይበቃል።

ፎቶው ላይ ከዋክብቱ አበጡ ወይም ቀለበት አወጡ

ፊልተር ሲጨመር የትኩረት ነጥቡ የመስታወቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለ3 ሚሊሜትር መስታወት 1 ሚሊሜትር ያህል። ስለዚህ ትኩረቱን እንደገና አስተካክሉ። ጥርት አድርጋችሁም ካበጡ፣ ካሜራው ኢንፍራሬድን የሚዘጋ መስታወት የሌለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ኢንፍራሬድ የሚቆርጥ ፊልተር ጨምሩ። በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ክብ ቀለበት ከታየ ፊልተሩን ገልብጣችሁ ሞክሩ። በጠባብ ፊልተር 30 ሰከንድ አንሥቶ «ጥቁር ወጣ» የሚለኝ ሰው ትዕግሥቴን ይፈታተናል፤ 3 ወይም 5 ደቂቃ ስጡት፣ ደጋግማችሁም አንሡ።

ፊልተሩ ተጣብቆ አልፈታ አለ

ፒንሳ አታምጡ፤ ቀለበቱ ይጣመምና መስታወቱ ይሰነጠቃል። የጎማ ጓንት አድርጋችሁ ዙሪያውን ሳትጨብጡ በመዳፍ ጫን ብላችሁ አዙሩት። ከፈታችሁት በኋላ ሌንሱ ላይ አትተዉት፤ በክረምት ሻጋታ የሚይዘው እንዲያ ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክደኑት።