ምርቱን በቁሙ አትቅበሩት፦ በምርት የሕይወት ዑደት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መግቢያ፣ ዕድገት፣ ብስለት፣ ማሽቆልቆል፦ አንድ ምርት ገበያ ገብቶ እስኪወጣ ያልፍባቸዋል የሚባሉት አራት ምዕራፎች። ማርኬቲንግ የተማረ ሰው ሁሉ አራቱን በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ስለዚህ እነሱን ላስረዳ አልመጣሁም። ጣጣው የሚጀምረው ሰው ምዕራፎቹን በሽያጭ መስመር የሚያሳየውን ግራፍ ይዞ ውሳኔ መወሰን ሲጀምር ነው።

ሽያጭ በወረደ ቁጥር "አረጀ" ማለት

ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ሽያጭ ሁለት ሩብ ዓመት ተከታትሎ ይወርዳል። ስብሰባ ይጠራል። አንዱ ይነሳና ያንን ግራፍ ስክሪኑ ላይ አውጥቶ "ምርታችን ማሽቆልቆል ውስጥ ገብቷል" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። የማስታወቂያው በጀት ይቆረጣል። ጎበዝ ጎበዙ ሠራተኛ ወደ አዲሱ ምርት ይዛወራል። ማሸጊያው እንዳረጀ ይቀራል፣ አከፋፋዮችን ዞሮ የሚያይ ሰው ይጠፋል። በዓመቱ ሽያጩ የእውነት ይወድቃል። ሰውዬውም "አላልኳችሁም?" ይላል።

አዎ ብለሃል፤ የገደልከውም አንተ ነህ! ቀለብ ከልክለኸው ስታበቃ ለምን ከሳ ትላለህ እንዴ?

ግራፉ የሚሳለው ከሽያጭ ነው። ሽያጩ ደግሞ ከእናንተ ውሳኔ ይመጣል። የራሳችሁን እጅ ሥራ እንደ ዕጣ ፈንታ ማንበብ ምን ይባላል? "አረጀ" ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ የወረደው ጠቅላላ ገበያው ነው ወይስ የእናንተ ድርሻ? ገበያው እያደገ እናንተ ብቻ ከወረዳችሁ ድርሻችሁን ሌላ ሰው እየወሰደው ነው። የዚህ መድኃኒቱ ፉክክር ነው። መቃብር መቆፈር ምን አመጣው?

ናይሎንን ውሰዱ። የአሜሪካው ኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1938 ይፋ ሲያደርገው መጀመሪያ ገበያ የወጣው የጥርስ ብሩሽ ጸጉር ሆኖ ነው። በ1940 የሴቶች ስቶኪንግ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ፓራሹት ተሠራበት፤ ከዚያ የመኪና ጎማ ውስጥ ገባ፣ ምንጣፍም ሆነ። አንዱ ገበያ ሲሞላ ሌላ ተፈለገለት። የስቶኪንጉን መስመር ብቻ የሚያይ ሰው ግን ገና ድሮ "አበቃለት" ይል ነበር።

መጋዘን የገባውን ዕቃ ተሸጠ ማለት

ይህ የራሴ ነው፤ ሳስታውሰው አሁንም አፍራለሁ። አንድ አዲስ ምርት ላይ ስሠራ ለአከፋፋዮች የምንልከው በየወሩ እየጨመረ ሄደ። እኔም "ዕድገት ምዕራፍ ገባን" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ሁለተኛ የማምረቻ መስመር ይገዛ ብለው ከወተወቱትም አንዱ ነበርኩ። ስድስት ወር ሳይሞላ ትእዛዝ ቀጥ አለ። ምን ነካቸው ብዬ አንዱ አከፋፋይ ጋ ሄድኩ። ካርቶናችን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ አቧራ ለብሷል። ሰውየው ያዘዘው ቅናሽ ስለሰጠነው ነበር እንጂ ገዢ ስላገኘ አልነበረም። የገዛነው ማሽን የተጠቀለለበት ፕላስቲክ እንኳ ሳይወልቅ ወራት ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሲመጣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ተጠቃሚ ገዝቷል? ተመልሶስ ገዝቷል? ሁለተኛውን መመለስ ካልቻለ ምርቱ ገና መግቢያ ላይ ነው እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይከፋቸዋል። አይፈረድባቸውም፣ እኔም ቢሆን ይከፋኝ ነበር።

ግራፉ የምን እንደሆነ አለመጠየቅ

የአንድ ብራንድ ነው? የምርቱ ዓይነት? ወይስ ከጀርባው ያለው ፍላጎት? ሦስቱ በአንድ ፍጥነት አይሄዱም። የካሜራ ፊልም አረጀ፤ ፎቶ ማንሳት ግን ጭራሽ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 የፊልም አምራቹ የኮዳክ መሐንዲስ ራሱ ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ነበር። ኮዳክ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ። ሌላውን ፊልም አምራች፣ የጃፓኑን ፉጂፊልም፣ ያው ማዕበል መትቶታል፤ እሱ ግን ከፊልም ያገኘውን የኬሚስትሪ ዕውቀት ይዞ ወደ ሌሎች ሥራዎች፣ እስከ ቆዳ መንከባከቢያ ድረስ ሄደ። ኢንስታክስ የሚባለውን ፎቶውን እዚያው አትሞ የሚሰጥ ካሜራውንም አልጣለውም። 1998 ገበያ የገባ ዕቃ ነው፤ ስልክ በሁሉም ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ወጣቶች እንደ አዲስ ወደዱት።

ተተኪውን ዘግይቶ መጀመር

ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከሽያጭ ቀድሞ ጫፍ ይነካል። ፉክክር ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል፣ ወጪም ይጨምራል፤ የሚሸጠው ብዛት ግን ገና ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሽያጭን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሌም ይዘገያል።

ፎርድ ሞዴል ቲን ከ1908 እስከ 1927 ሠራ፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ መኪና ነው። ሄንሪ ፎርድ ከመኪናው ጋር ፍቅር ያዘው። ተፎካካሪዎቹ በቀለም፣ በምቾትና በየጊዜው በሚለወጥ ሞዴል ደንበኛውን ሲወስዱበት እሱ ዋጋ መቀነሱን ቀጠለ። በመጨረሻ ምርቱን ሲያቆም ተተኪው አልተዘጋጀም ነበርና ፋብሪካዎቹ ለወራት ያለ ሥራ ቆሙ። አፕል በተቃራኒው አይፖድ ሚኒ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻውን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እንደ ጉድ እየተሸጠ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አንስቶ በአይፖድ ናኖ ተካው። የሥራ ባልደረቦቼ ቢሆኑ "አብደሃል?" ይሉኝ ነበር።

ብስለት ላይ ወዲያው ዋጋ መቁረጥ

ተፎካካሪም በማግስቱ ይቆርጣል። በቃ፣ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ማቆምን አለማቀድ

ምርቱ የእውነት ካበቃለት አቁሙት፤ ግን ተፎካካሪዎቻችሁ ቀድመው ከወጡ የቀረው ገዢ ለእናንተ ሊተርፍ ስለሚችል አትቸኩሉ። ስታቆሙ ደግሞ የመጨረሻውን ትእዛዝ የምትቀበሉበትን ቀን፣ መለዋወጫ እስከ መቼ እንደሚኖርና ዋስትናውን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ አስቀምጡ። ይህን የረሳ አንድ ድርጅት አይቻለሁ። መለዋወጫ ያጡ ደንበኞች ምርቱ ከቆመ በኋላም ለዓመታት ይደውሉ ነበር። ስልኩን የሚያነሳላቸው ሰው ደግሞ አዲሱን ምርት እንዲሸጥላቸው የተመደበው ያው ሠራተኛ ነበር።