ከናልትሬክሶን መርፌ በፊት ስለ ፕላትሌት ይጠይቁ

ሱስ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ናልትሬክሶን የተባለውን የሱስ መድኃኒት ሊጀምር የመጣውን ሰው «ድድዎ ይደማል? ሳይመታዎት ሰውነትዎ ይበልዛል?» እለዋለሁ። ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። ሱስና ደም ምን አገናኛቸው?

መድኃኒቱ እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያለ ኦፒዮይድ በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው 380 ሚሊግራም መርፌ የሚገባው መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ፣ በጥልቀት ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል፣ ፕላትሌት፣ ካነሰ እዚያው ደም ሊቋጠር ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ያድርጉ። የተለመደው የፕላትሌት መጠን በማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። አነስ ካለ ሐኪሙን ስለ 50 ሚሊግራሙ ኪኒን ይጠይቁት። አልኮል የሚያበዛ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ፕላትሌቱ ቀድሞውንም ሊያንስ ይችላል፤ ሁሉንም በመድኃኒቱ አናላክክ።

የፕላትሌቱ ቁጥር ልክ ሆኖ ሥራው ሊደክምም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ናልትሬክሶን ለሚወስድ ሰው ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉት የኦፒዮይድ ሕመም ማስታገሻዎች እንደልብ አይሠሩም። ታዲያ ጥርሱን ሲያመው አስፕሪን ይቅማል። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ደግሞ ዕድሜው እስኪያልቅ አያገግምም፤ አዲስ እስኪተካ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። አይቡፕሮፌንም ያዳክመዋል፣ ግን ቶሎ ይለቃል። ጉበትዎ ደህና ከሆነ ፓራሲታሞል ይሻላል። ሕመሙ ባሰ ብለው ኦፒዮይድ በላይ በላዩ እንዳይወስዱ፤ ይገድላል።

አልፎ አልፎ ናልትሬክሶን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ፕላትሌት የወረደበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። እግርዎ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካዩ፣ ነስር አልቆም ካለ ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።