ከመርፌው እስከ ልብ ደጃፍ፦ ካቴተርን በሴንሰር እየመሩ ማስገባት

ጎንደር ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ሆነ በቀዶ ሕክምና ክፍል ማዕከላዊ ካቴተር (በትልቅ ደም መልስ በኩል እስከ ልብ አጠገብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን፣ ደም ሥራቸው ለመርፌ የማይመች መሆኑ የተለመደ ነው። ከመተማ ቆላ በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ተዳክመው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሕዋሳት) ዝቅ ስለሚል፣ መርፌው ስቶ ደም ቅዳ ቢነካ የሚፈሰው ደም በቀላሉ አይቆምም፤ ብዙ ፈሳሽ ያጣ ሕመምተኛ ደግሞ ደም መልሱ ባዶ ከረጢት ይመስል ተጣብቆ ይገኛል። በእጅ ዳስሶና በግምት መውጋት ለእነዚህ ሰዎች አደጋው የከፋ በመሆኑ፣ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ልምድ ካለው ባለሙያ ጎን ቆመው ሥራውን ለሚማሩ የአንስቴዥያና የጽኑ ሕክምና ባልደረቦቼ ነው።

ሥራው ሦስት ጥያቄዎች አሉት። መርፌው ወደየትኛው ሥር እየሄደ ነው? የገባንበት ደም መልስ ነው ወይስ ደም ቅዳ? የካቴተሩስ ጫፍ የት ደረሰ? የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ፣ ሁለተኛውን የግፊት ሴንሰር፣ ሦስተኛውን ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ) ይመልሳል። ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት የአንዱን መሣሪያ መልስ ለሌላው ጥያቄ ከመቀበል ነው።

ጓንት ከማድረግዎ በፊት የአልትራሳውንዱና የሞኒተሩ ባትሪ መሙላቱን ያረጋግጡ፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ መርፌ በአንገት ውስጥ ይዞ ጨለማ ስክሪን ማየት የለብዎትም። ሕመምተኛዋ ነቅተው ከሆነ ያነጋግሯቸው፦ «እማማ፣ ፊትዎን ወደ ግራ መለስ ያድርጉልኝ፤ ጨርቅ እሸፍንብዎታለሁ፣ እኔ ግን ከአጠገብዎ አልለይም።» ሳይነገራቸው ፊታቸው የተሸፈነ ሰው ደንግጠው አንገታቸውን የሚያዞሩት መርፌው ቆዳ ውስጥ እያለ ነው። አልጋውን በራስጌ በኩል ጥቂት ዝቅ ማድረግ የአንገቱን ደም መልስ ይሞላዋል፤ አየር ወደ ደም እንዳይሳብም ይረዳል።

ቀጥታ ጠርዝ ያለውን ከፍተኛ ድግግሞሽ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንዱን ክፍል) ይምረጡ፤ ጠርዙን በጣት ነክተው የስክሪኑ ግራ የእርስዎም ግራ መሆኑን ይለዩ። አንገቱ ላይ አግድም ሲያስቀምጡት ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። ፕሮቡን በቀስታ ይጫኑ፤ አንደኛው ክብ እንደ ዓይን ሽፋን ተከድኖ ይጠፋል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይከፈታል፤ ደም መልሱ ይህ ነው። ሌላው ክብነቱን ሳይለቅ እየመታ ይቆያል፤ እሱ ካሮቲድ የሚባለው የአንገት ደም ቅዳ ነው። ደም መልሱ ሕመምተኛው በተነፈሰ ቁጥር ራሱ የሚከደን ከሆነ፣ ሁኔታቸው ከፈቀደ ፈሳሽ ሰጥቶ መጠበቅ ከመቸኮል ይሻላል።

የክቡን መሐል ጥልቀት ከስክሪኑ ያንብቡ። ለምሳሌ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከፕሮቡ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቀው በ45 ዲግሪ ሲወጉ መርፌው ወደ 2.1 ሴንቲ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ሥሩ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ገብቶ ደም ካልመጣ መግፋት ያቁሙ። በስክሪኑ የሚታየው ነጭ ነጥብ የመርፌው ጫፍ ላይሆን ይችላል፤ አካሉም ያው ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ነጥቡ እስኪጠፋ ድረስ ፕሮቡን ወደ ፊት ያንሸራትቱ፤ የጠፋበት ቦታ ጫፉ ያለበት ነው፤ ከዚያ መርፌውን ጥቂት ገፍተው ነጥቡ እንደገና እስኪታይ ይጠብቁ። እየተፈራረቁ መርፌና ፕሮብ ማንቀሳቀስን እጅ እስኪለምድ ድረስ በጄል በተሞላ ማስመሰያ ላይ መለማመድ ያስፈልጋል።

ደም ሲመጣ በቀለሙ አይፍረዱ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ሳንባው የታመመ ሰው የደም ቅዳው ደም ራሱ ጠቆር ሊል ይችላል። ዳይሌተሩን (ለካቴተሩ መንገዱን የሚያሰፋውን ወፍራም ቱቦ) ከማስገባትዎ በፊት በቀጭኑ ካኑላ (ሥሩ ውስጥ ባለው ቀጭን ቱቦ) ላይ ሳላይን (የጨው ውሃ) የተሞላ ስቴራይል ቱቦ አያይዘው ወደ ላይ ይያዙት፦ ፈሳሹ ወርዶ ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ደም መልስ ነው፣ እየመታ ወደ ላይ ከወጣ ደም ቅዳ ነው። ትራንስዲውሰር (የግፊት ሴንሰሩ) ካለ ሞገዱን በሞኒተር ያዩታል። መርፌ ደም ቅዳ ቢነካ ነቅሎ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዳይሌተር ከገባ ግን አይንቀሉት፣ ወዲያው የቀዶ ሐኪም ይጥሩ።

ትራንስዲውሰሩን ዜሮ ማድረግ ማለት ለክፍሉ አየር ክፍት አድርጎ የዚያን አየር ግፊት እንደ መነሻ ማስያዝ ነው። ቁመቱ ከአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ጋር በብብት መሐል መስመር ላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ንባቡ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል በውሸት ከፍ ይላል። በደም መልስ የምንለካው ግፊት ራሱ በዚያ አካባቢ ስለሚገኝ ስህተቱ ጥቂት አይደለም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ክፍል፣ አልጋው ከፍ ሲደረግ ትራንስዲውሰሩ ቦታው ቀርቶ በነበረበት ሌሊት በዚያ ንባብ ተማምነን ለሕመምተኛው ፈሳሽ ቀንሰናል። ከዚያ ወዲህ አልጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቁመቱን ሳልለካ ቁጥሩን አላነብም። ሞገዱ ደብዝዞ ሲታይም መስመሩ ውስጥ የአየር አረፋ ወይም የታጠፈ ቱቦ ይፈልጉ።

የጫፉን ቦታ ለማወቅ ካቴተሩን በሳላይን ይሙሉ፤ ለዚህ በተሠራው ማገናኛ አማካይነት የቀኝ እጁን የኢሲጂ ገመድ ከፈሳሹ ጋር ያያይዙና ሞኒተሩን ሊድ 2 ላይ ያድርጉ። ሞኒተሩ ለልብ ውስጥ ንክኪ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ተራ መሣሪያ የሚያፈስሰው አነስተኛ ኤሌክትሪክ በዚህ መንገድ ልብን ሊመታ ይችላል። ካቴተሩን በቀስታ ሲገፉ ከኪውአርኤሱ (በኢሲጂው ላይ ካለው ትልቁ ሞገድ) በፊት ያለችው ትንሿ ፒ ሞገድ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ከፍታዋ ጫፍ ሲደርስ የካቴተሩ ጫፍ የላይኛው ዋና ደም መልስ ከልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ደጃፍ ላይ ነው። አልፎ ሲገባ ፒ መጀመሪያዋ ላይ ወደ ታች ትሰበራለች፤ ስብራቷ ጠፍቶ ከፍታዋ እስኪመለስ ድረስ ይሳቡት። በአዋቂ ሰው በቀኝ አንገት በኩል ይህ ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍሎች ሥርዓት የለሽ መንቀጥቀጥ) ባለበት ሰው ግልጽ ፒ ሞገድ ስለሌለ፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ልብን በሚያንቀሳቅስበት ሰውም ሞገዱ አሳሳች ስለሚሆን፣ በራጅ ይተማመኑ። ኢሲጂው ጥልቀትን እንጂ ደም መልስና ደም ቅዳን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለይም፤ የግፊቱን ምርመራ መዝለል የማይቻለው ለዚህ ነው። ሳንባ አለመወጋቱንም አይነግረንም፤ ስለዚህ ከመጨረስዎ በፊት ያንኑ ፕሮብ ደረት ላይ አድርገው በሁለቱም ጎን የሳንባው ሽፋን ከትንፋሽ ጋር ሲንሸራተት ይመልከቱ፣ ራጅም ያዝዙ። ከዚያ በቆዳው ላይ ያለውን የሴንቲ ሜትር ምልክት በመዝገብ ላይ ጽፈው፣ ከፍተኛዋ ፒ የታየችበትን የኢሲጂ ወረቀት ከካርዱ ጋር አያይዘው፣ ካቴተሩን ይስፉና ይሸፍኑት።