የተጎዳች ልጅ በደላላ እጅ እንዳትወድቅ፦ ለዘመድ፣ ለመምህርና ለጎረቤት

በአማራ ክልል ገጠር ያለ ዕድሜዋ ተድራ፣ ከባሏ ቤት ሸሽታ የተመለሰች የ15 ዓመት ልጅ በአቅራቢያዎ ካለች፣ ይህ መመሪያ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ወጥታ በሰው ቤት ትቀጠራለች፤ ከዚያም መንገዱ አንዳንዴ በመተማ ወደ ሱዳን፣ አንዳንዴም በአፋር አቋርጦ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ድህነት ብቻ ያደርገዋል። ድህነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀበሌ እኩል ከተቸገሩ ልጆች መካከል ደላላው አንዷን ለይቶ የሚቀርባት ለምን እንደሆነ ድህነት ብቻውን አይነግረንም።

በልጅነቷ የተደበደበች፣ የተደፈረች ወይም ሳትፈልግ የተዳረች ልጅ «እምቢ» ማለት ዱላ እንደሚያስከትል ተምራለች፤ ስለዚህ ነገሩ ባያምራት እንኳ ዝም ብላ መከተል ይቀናታል። ለዓመታት በስጋት ስለኖረች ሌላው የሚደነግጥበት አደጋ ለእሷ የተለመደ ኑሮ ይመስላታል፤ የደረሰባትን እንድትደብቅ ስለተገደደችም «ለማንም እንዳትናገሪ» የሚላት ሰው አያስጠረጥራትም። ከሁሉ የሚከፋው የፍቅር ረሃቧ ነው። ደላላዋ ዘመድ ወይም ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፤ ስልክ ገዝታላት፣ ስሟን አቆላምጣ ጠርታ «እኔ እኮ እህትሽ ነኝ» ስትላት፣ ቤቷ የነፈጋትን ሁሉ በአንድ ቀን የሰጠቻት ያህል ይሰማታል።

ስለዚህ ከምክር በፊት ይስሟት። «ዐረብ አገር ሞት ነው» የሚለው ማስፈራሪያ ቤቷ ሞት ለሆነባት ልጅ ትርጉም የለውም። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቡና እያፈላችሁ ወይም ውኃ ስትቀዱ፣ «ለምን ሸሸሽ?» ሳይሆን «ምን ገጠመሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ዝርዝሩን እንድትደጋግም አያስገድዷት፤ ካለቀሰችም ዝም በይ አይበሏት። ለማንም አልናገርም ብለው ቃል አይግቡላት፤ ለደኅንነቷ የግድ ሲሆን ለማን እንደሚናገሩ አስቀድመው ይንገሯት። በሽምግልና ወደ ባሏ እንድትመለስ ማስታረቅን እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፣ ልጅቷን ወደ ሸሸችበት ቤት መመለስም ለደላላው ሥራውን ማቅለል ነው።

ምልክቶቹን በቶሎ ማየት ያስፈልጋል፦ ምንጩ ያልታወቀ ስልክ ወይም ልብስ፣ በድንገት ትምህርት መቅረት፣ ዕድሜን ከፍ አድርጎ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሯሯጥ፣ «ከዚያ ሠርተሽ ትከፍያለሽ» የተባለበት ብድር። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን አብረው ካዩ፣ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ።

«ፈቅዳ ነው የምትሄደው» ለሚልዎት ሰው መልሱ በሕግ ውስጥ አለ። በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሰው ንግድ መከላከያ ፕሮቶኮል (ዓለም አቀፍ ስምምነት) መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለብዝበዛ መመልመል ወይም ማጓጓዝ ማታለልና ማስገደድ ባይኖርበትም የሰው ንግድ ነው፤ በእኛም አገር ወንጀሉ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይቀጣል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ ለሥራ የሚሄደው ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ስምሪቱም በአብዛኛው በመንግሥት አካል ወይም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል እንዲካሄድ ይጠይቃል፤ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ጉዞውን ወጪ የሚሸፍነውም አሠሪው ነው። እንግዲህ በመንደር እየዞረ የቪዛ ገንዘብ የሚሰበስብ ግለሰብ ከሕግ ውጭ መሆኑን ለቤተሰቡ በግልጽ ያስረዱ።

ልጅቷ ሄዳ ከተመለሰች «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ከአፍዎ አይውጣ። ያልተከፈለ ብድር ካለ ደላላው ተመልሶ ይመጣል፤ እሷም ኀፍረቱን ለማምለጥ በዚያው መንገድ ልትሄድ ትችላለች። ወደ ጤና ጣቢያ አብረዋት ይሂዱ፤ ሌሊት እየባነነች ከሆነ አጠገቧ የሚያድር ሰው ይኑር፤ ትምህርቷን ወይም አንድ ሙያ የምትጀምርበትን ቀን ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው ይወስኑ፤ ደላላው ደጅ ሲደርስም ልጅቷ ሳትሆን እርስዎ ወጥተው ያነጋግሩት።