ካንዴላው ጠቁሮ ከወጣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት

ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እንደ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ቤንዚን እየበዛበት ነው። ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት ነው፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ካንዴላ መቀየር ብቻውን ፋይዳ የለውም፣ አዲሱም ቶሎ ይጠቁራል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ተደፍኗል፣ ይቀየር። ከዚያ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የተሰካችውን ቀጭን የቫኩም ጎማ ይንቀሉ (አንዳንድ መኪና ላይ የለችም)። ውስጧ ቤንዚን ካረጠባት የመቆጣጠሪያው ላስቲክ ተቀዷል፤ ይቀየር።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው። ሲበላሽ ሞተሩ ሞቆም ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምራል። ሞተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉና የሴንሰሩን ሬዚስታንስ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ፦ በብዙ ቶዮታዎች በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው። ሞቆም 2 ኪሎ ኦም ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ።

መኪናው ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል የድሮ መሣሪያ) ከሆነ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለው አዲስ አበባ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ያለ ብልሽትም ቤንዚን ያበዛል። በመጨረሻ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱንም ይቀይሩ።